የታችኛው ክር

እናቴ የዩኒፎርሜን ኪሶች በሙሉ በመኪና የሰፋቻቸው ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም። የግራና የቀኙን፣ የደረቱን፣ የሹራቤን ሳይቀር ዘጋቻቸው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ የክሩ ቀለም ከጨርቁ ጋር አንድ ስለሆነ ኪስ እንደነበረ ለማያውቅ ሰው ምልክቱም አይታይም። «ከእንግዲህ ማንም ኪስሽ ውስጥ ምንም ሊከት አይችልም» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ቆረቆረኝ።

ትምህርት ቤት ስደርስ ለክፍሌ ልጆች እየዞርኩ አሳየኋቸው። አንዷ «ታዲያ እርሳስሽን የት ልትከቺ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ቀንታ ነው ብዬ ተውኳት። በዚያ ሰሞን እናቴን በክፉ ያነሳ ሁሉ ለእኔ ቀናተኛ ነበር።

ከቀናተኞቹ ሁሉ የባሰችው ደግሞ አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ ታላቅ እህት። እናቴም እኛም «እቴቴ» ነው የምንላት። ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ያን ያህል ጥላቻ የት እንዳጠራቀመች ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

እናቴ፣ እኔና ገና መሮጥ የጀመረው ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ የምንኖረው በአንድ ረጅም ግቢ መጨረሻ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነበር። አባታችን ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዟል፤ ስለ እሱ ቤታችን ውስጥ አይነሳም። በግቢው መግቢያ ላይ ስፌት ቤቱ አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም አዳራሽ ነው፤ የስፌት መኪናዎቹ በግድግዳው ልክ ተደርድረዋል፣ ወለሉ ሁልጊዜ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እናቴ እዚያ ትሰፋ ነበር፤ እቤትም የራሷ የእግር መኪና ነበራት። የእሷ ስፌት በሬ ቢታሰርበት አይበጠስም ይሉ ነበር ባልደረቦቿ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ የስፌት መኪና የሚሰፋው በሁለት ክር ነው። አንደኛው ከላይ በመርፌው በኩል ይመጣል። ሌላው ከሥር፣ ትንሽ የብረት ማጠንጠኛ ላይ ተጠቅልሎ ማንም ሳያየው ይቀመጣል። ሁለቱ ጨርቁ መሀል ሲቆላለፉ ነው ስፌት የሚሆነው። የታችኛው ክር ሲያልቅ መኪናው አይቆምም። መርፌው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የላዩ ክር ጨርቁ ላይ ይጋደማል፤ ላየው ሰው ስፌት ይመስላል። ጫፉን ይዘው ሲስቡት ግን ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን በዚህ ተሞኝታለች። እናቴ ግን ተሞኝታ አታውቅም። የታችኛው ክር ሲያልቅ የመኪናው ድምፅ ትንሽ ይሳሳል፤ ያን የሚሰማ ጆሮ ነበራት። እያወራች፣ እየሳቀች፣ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ያለ የሌላ ሰው መኪና ሲሳሳ ሰምታ «አንቺ፣ ከሥር ባዶ ነሽ!» ብላ ትጮሃለች። ሴቲቱ ገልብጣ ስታይ እውነትም ባዶ ነው።

ይህን ጆሮ ያወጣችው ልጅ ሆነው ከእቴቴ ጋር በአንድ መኪና ሲማሩ ነው። እቴቴ ከገበያው ማዶ የራሷ ትንሽ የሙሽራ ልብስ ቤት አላት። እሷ ደግሞ ሌላ አመል ነበራት፤ ሰው ሰላም ሳትል የለበሰውን ልብስ ስፌት በሁለት አውራ ጣቷ መሀል ይዛ ወጠር ታደርጋለች። ቀሚሴን፣ የማሙሽን ሱሪ፣ የእንግዳ ሰው ኮት ሳይቀር። እናቴ «ሰውየውን ትተሽ ስፌቱን ልትስሚው ነው እንዴ?» እያለች ትስቅባት ነበር። እኔ ግን አልስቅም። እናቴ የሰፋችውን ነገር ለመፈተን ማን ፈቀደላት?

የትምህርት ቤት መክፈቻ ሲቃረብ ስፌት ቤቱ ሌላ ቦታ ይሆናል። የዩኒፎርም ጨርቅ በጣቃ በጣቃ ይራገፋል፤ ሴቶቹ ቀና ሳይሉ ይውላሉ። በዚያ ዓመት እናቴ ክፉኛ ደክሟት ነበር። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ትወድቃለች፤ ማሙሽ ፊቷን በእጁ ቢደባብስ እንኳ አትነቃም። አንድ ቀን መኪናው ላይ አሸለባትና መርፌው ጣቷን ወጋት።

ያዳናት ካውያው ነው፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ካውያው የምንለው የተሰፋውን ልብስ የሚተኩሰውን ወጣት ነው። ተጫዋች ነበር፤ ለእኛ ለልጆቹ ከረሜላ አያጣም። ደሟን በቁራጭ ጨርቅ ጠረገላትና «እትዬ፣ እንዲህ ሆነሽ አትዘልቂውም። ትንሽ ብርታት ልስጥሽ» አላት። ከደረት ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ቁርጥራጭ እየለቀምኩ ነበርና ቀና ብዬ አየሁት። የብርጭቆ ስባሪ የመሰለ ነገር ነው። መድኃኒት መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል፤ «ዛሬ ብርታት አለህ?» ይሉታል፣ ይሳሳቃሉ፣ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ደርሰው ይመለሳሉ።

ሜታምፌታሚን የሚለውን ስሙን የሰማሁት ነርስ ልሆን ስማር ነው። መምህራችን ምልክቶቹን ሲዘረዝር እኔ አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር፤ አንዳቸውንም ግን በሽታ ብዬ አልነበረም የማውቃቸው። መጀመሪያ የሚወስደው እንቅልፍንና ረሃብን ነው፤ ለደከመ ሰው ደግሞ እነዚህን የወሰደለት ሁሉ ወዳጁ ነው።

እማዬ ተሻላት። በእኔ ዓይን የሆነው ይኸው ነው። ከአልጋው ላይ ተነስታ ግድግዳውን በሳሙና አጠበች። ማሙሽን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ግቢውን ዞረች። መኪናዋን ብሎን በብሎን ፈትታ አንሶላ ላይ ዘረጋችውና እያንዳንዷን ብረት በዘይት ስትወለውል ዋለች፤ እኔ ብሎኖቹን በቁመታቸው እደረድርላታለሁ። ስታወራ አትጠገብም ነበር፤ ዝም ብላ የኖረችውን ወሬ ሁሉ በአንድ ሳምንት ነገረችኝ። ምግብ ስናቀርብላት «ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ» ትላለች፤ ለእኛ ብላ ነው እያልኩ አንጀቴን ትበላዋለች። መንጋጋዋ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። «እማዬ፣ ማስቲካ ስጪኝ» ስላት ግራ ገብቷት ታየኛለች። አፏ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ጥርሷን ነበር የምታፋጨው።

ሌሎቹ ሴቶችም አማረባቸው። በተለይ ቁልፍ የምትተክለዋ፣ እኛ «የቁልፏ» የምንላት ወፍራም ሳቂታ ልጅ፣ ወገቧ እየቀጠነ ሄደ። ልታገባ ነው አልኩ። ይቺን ሴት ባለፈው ዓመት በምሠራበት ጤና ጣቢያ አገኘኋት። ከእናቴ በብዙ ዓመት ታንሳለች፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳያት ግን አሮጊት መሰለችኝ። ፊት ለፊት ያሉት ጥርሶቿ የሉም። አላወቀችኝም፤ እኔም ማንነቴን አልነገርኳትም። ስትወጣ ግን የነጭ ካፖርቴን የላላ ቁልፍ ጣቷን ሰድዳ ነካ አደረገችውና «ይሄ ሊወድቅ ነው፣ እህቴ» አለችኝ።

እቴቴ የመጣችው እናቴ ከተሻላት ከሳምንታት በኋላ ነው። እንደ ልማዷ መጀመሪያ የማሙሽን ሸሚዝ ስፌት ወጠር አደረገች። ከዚያ እናቴን ቀና ብላ አየቻትና ክው ብላ ቀረች። እኔንና ማሙሽን ደጅ አስወጡን። ጆሮዬን በሩ ላይ ጣል አደረግሁ።

«ዓይንሽን በመስታወት አይተሽዋል?» ትላለች እቴቴ።

«ምን ሆነ ዓይኔ? አልጠጣሁ፣ አልሰረቅሁ። ሠርቼ ነው የማድረው።»

«ማን እንደሚሰጥሽ አውቃለሁ። የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ጠይቂ።»

«መድኃኒት ነው።»

«እጅሽ ተበላሽቷል። ይሄ የልጁ ሸሚዝ ያንቺ ስፌት ነው? አይደለም።»

ቀጥሎ እቴቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የተናገረችውን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት፤ «ልጆቹን ስጪኝ።» ከዚህ በኋላ ያለውን፣ ምናልባት «እስክትነሺ ድረስ» ያለችውን፣ የእናቴ ጩኸት ሸፈነው።

«አንቺ ስላልወለድሽ ነው! የኔን ልጆች የምትመኚው መሀን ስለሆንሽ ነው!»

እቴቴ በሩን ከፍታ ስትወጣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ የተያዘች ሌባ እንባ መሰለኝ። ማሙሽን አንስታ ልትስመው ስትል ከእጇ ላይ ነጠቅኋት።

ከዚያ ወዲህ ነው ኪሶቻችን መሰፋት የጀመሩት። እናቴ «ይሰሙናል» ትላለች። እነማን እንደሆኑ ስጠይቃት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታሳየኛለች። እኔ ነገሩን ወደድኩት። ሌላ ልጅ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም። በምልክት መነጋገር ለመድን፤ አንድ ማጨብጨብ ውሃ፣ ሁለት ማጨብጨብ ዳቦ። ማሙሽ ብቻ ሕጉ አልገባውም፤ ባጨበጨበ ቁጥር ይስቃል፣ በሳቀ ቁጥር እናቴ አፉን በእጇ ትሸፍነዋለች። አንዳንዴ ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ያኔ «እማዬ ነች እኮ» እለዋለሁ ራሴን።

ስፌት ቤት መሄድ ተወች። ካውያው ጨርቁን እቤት ያመጣላታል፤ ሲመጣ ሌላውንም ይዞ ይመጣል። መጋረጃውን በመስኮቱ ልክ እርስ በርሱ ሰፍታ አንድ አደረገችው፤ ጫፎቹን በሚስማር መታቻቸው። ቀን ከሌሊት መብራት እናበራለን። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ደግሞ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃ ደፈነችው።

ቅዳሜ ነበር፤ ብርድ ያለበት ጠዋት። መብራት ስለጠፋ እናቴ ሻማ አብርታለች፤ የኤሌክትሪኩ ካውያ ስለማይሠራም አሮጌውን የከሰል ካውያ ከአልጋው ሥር አወጣችው። ከሰሉን እዚያው ክፍሉ ውስጥ አቀጣጠለችና ግማሹን የብረቱ ካውያ ሆድ ውስጥ ሞላችው፤ ግማሹ ምድጃው ላይ ቀላ። ቤቱ ሞቀ። ደስ አለኝ። ማሙሽ ከመስኮቱ ሥር ተሰፍቶ በተከመረው ዩኒፎርም ላይ ወጥቶ ተኛ።

እናቴ ትናንሽ ሱሪዎች ትሰፋ ነበር። ጀርባዋ ወደ እኔ ነው፤ አንገቷ ላይ አጥንቷ ይቆጠራል። መኪናው አያቋርጥም። ከጊዜ በኋላ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፤ በጆሮዬ ውስጥ ሌላ መኪና የሚሰፋ ይመስላል። ማሙሽ ነቃ፤ ትንሽ አስመለሰውና ሳያለቅስ ተመልሶ ተኛ። የሚያስለቅሰው ነገር ኖሮ ሳያለቅስ ሲቀር አይቼው አላውቅም። «እማዬ፣ ማሙሽ አስመለሰው» አልኳት።

«ይተኛ፣ ተይው። ሲተኛ አይጮህም» አለች ዞር ሳትል።

ከዚያ ድንገት መኪናውን አቆመችና አንዱን ሱሪ አነሳች። በሻማው ብርሃን አገላብጣ አየችው። ፊቷ በራ። እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ተኮሰችው፤ በአራት አጣጠፈችው፤ በንጹህ ጨርቅ ጠቀለለችው።

«እንቺ። ለእቴቴ ውሰጂላት። እጅሽ ተበላሽቷል ብላኛለች አይደል? ትየው! ከእህትሽ እጅ የወጣ ነው በያት። ሌላ ምንም እንዳትናገሪ።»

ጨርቁን ከበሩ ሥር በእግሯ ገፋ አደረገችና በጠባቡ ከፍታ አስወጣችኝ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ ጨርቁ እንደገና ሲጠቀጠቅ ሰማሁ።

መንገዱ ላይ ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ አዞረኝና አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ጥቂት ስራመድ ግን ራሴ እየቀለለኝ ሄደ። ገበያውን ሳቋርጥ እሮጥ ነበር። ዛሬ እቴቴ አፏን ትይዛለች እያልኩ ነበር የምሮጠው። ከኋላዬ፣ እዚያ በተደፈነው ክፍል ውስጥ፣ ወንድሜ ምን ላይ እንዳለ አላውቅም ነበር።

እቴቴ አንዲት ሙሽራ ሳጥን ላይ አቁማ የቀሚሷን ጠርዝ በስፒል ትይዝ ነበር። ስፒሎቹ በከንፈሯ መሀል ተሰልፈዋል። ጥቅሉን ዘርግቼ «እማዬ ናት የላከችው። ከእህትሽ እጅ የወጣ ነው ብላለች» አልኩ፤ አገጬን ቀና አድርጌ።

ተቀበለችኝ። የመጀመሪያውን እግር ስፌት በአውራ ጣቶቿ ያዘች፤ ወጠረችው፤ ያዘ። በልቤ ጨፈርኩ። ሁለተኛውን ያዘች። ካውያ ያጣበቀው ጨርቅ ለአፍታ እምቢ አለ፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ። እቴቴ የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ሳበችው። ወጣ። ዝም ብሎ፣ ሳይቋረጥ፣ ሙሉው ክር ወጣና ከእጇ ላይ ተንጠለጠለ።

«ለምን ቀደድሽው!» ብዬ ጮህኩ። «የእማዬን ሥራ ለምን ትፈቺዋለሽ!»

እቴቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «አልሰማችውም» አለች። «እሷ ይህን አልሰማችውም?» ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ተንበርክካ ትከሻዬን ያዘች።

«ማሙሽ የት ነው?»

«ተኝቷል።»

«በቀን?»

«አስመልሶት ነው የተኛው። እኔም ራሴን አሞኝ ነበር፤ አሁን ተወኝ።» እማዬ ሌላ እንዳልናገር ብትለኝም የቤታችንን ጥንካሬ ማሳየት አማረኝ። «እማዬ መጋረጃውን ሰፍታዋለች፤ በሩንም ደፍናዋለች። ማንም አይገባም። ቢበርድም በከሰል እንሞቃለን።»

እቴቴ ጨርቅ መቁረጫውን ትልቁን መቀስ እንደያዘች ወጣች። ሙሽራይቱ በስፒል የተያዘ ቀሚሷን ሰብስባ ሳጥኑ ላይ ቀረች። እቴቴ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ወፍራም ናት፤ ነጠላ ጫማዋ ገበያው መሀል ወለቀና ትታው ሄደች። ከኋላዋ እየሮጥኩ በመቀሱ እናቴን ልትጎዳት ነው ብዬ አለቅስ ነበር።

ግቢያችን ስንደርስ መኪናው ይሰማል። እቴቴ ከበራችን ፊት ለፊት ለአፍታ ቆማ አዳመጠች። «ባዶ ነው» አለች ለራሷ። ከዚያ በሩን በመዳፏ ደበደበችው።

«ክፈቺ! እኔ ነኝ!»

መኪናው ቆመ። «ማነሽ?»

«እህትሽ ነኝ።»

«አይደለሽም። እህቴ እንዲህ አታንኳኳም።»

«የኔ እህት፣ እሺ እኔን አትክፈቺልኝ። ማሙሽን ብቻ ወደ በሩ አምጪው። ከሰሉ ያፍናችኋል!»

«አየሽ? ልጆቼን ነው የፈለጋችሁት! ማን ላካችሁ?»

«ማሙሽ!» እቴቴ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። «ማሙሽዬ! እናቱ፣ ቀስቅሺው! ስሙን ጥሪው!»

ከዚያ እናቴ «ማሙሽ» ስትል ሰማሁ፤ ቀጥላም ደገመችው። ድምፅዋ ልክ እንደ ሕፃን ሆነ። «አይነሳም» አለች። «ምን አደረጋችሁት?»

እቴቴ ወደ መስኮቱ ዞራ መስታወቱን በመቀሱ እጀታ ሰበረችው። እጇን አስገብታ የተሰፋውን መጋረጃ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። እናቴ ከውስጥ ጮኸች፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከእናቴ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። እኔ በእቴቴ ክንድ ላይ ተንጠልጥዬ ነከስኋት። አልለቀቅኩም። እሷም ክንዷን አላነሳችም፤ እኔን እንዳንጠለጠለች በመስኮቱ ተንጠራርታ ማሙሽን በሸሚዙ ያዘችና ጎትታ አወጣችው።

መሬት ላይ ስታጋድመው ራሱ ወደ ጎን ወደቀ። ከንፈሩ ሌላ መልክ ነበረው። ስፌት ቤቱ ያሉት ሴቶች እየሮጡ ወጡ፤ አንዷ ውሃ ትላለች፣ አንዷ ታክሲ ትጠራለች፣ የቁልፏ ራሷን ይዛ ቆማለች። ካውያው ከአዳራሹ በር ላይ እጁን በሱሪው ሲጠርግ አየሁት። ዞር ብዬ እንደገና ሳይ አልነበረም። እቴቴ ማሙሽን ደረቷ ላይ አድርጋ ጀርባውን ታሸዋለች፣ ታነጋግረዋለች፣ ትለምነዋለች። በመጨረሻ ሳለ። ከዚያ አለቀሰ። ለቅሶው ቀጭን ነበር፤ ግን ለቅሶ ነበር። እናቴ በተቀደደው መጋረጃ በኩል ታየናለች፤ አትወጣም።

እቴቴ ማሙሽን ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ ከዚያ ሁለታችንንም ቤቷ ወሰደችን። እኔ ይህን ለዓመታት እንዲህ ነበር የማውቀው፦ ልጅ ያልወለደች አክስታችን የእናታችንን ሥራ ፈትታ፣ ቤታችንን ሰብራ፣ ሰረቀችን። የሰጠችኝን እበላለሁ፤ የጠየቀችኝን አልመልስም። እቴቴ አልተቆጣችም። ክንዷ ላይ የቀረውን የጥርሴን ምልክት ለደንበኞቿ እያሳየች «የኔ ነካሽ፣ ጥርሷ እንኳ ስፌቱ ጥብቅ ነው፤ እናቷን ነው የመሰለችው» ትላለች። እኔ አኩርፌ ጥግ እቀመጣለሁ።

እናቴ ሕክምና ገባች፤ ወጣች፤ ወደቀች፤ እንደገና ገባች። ስፌት ቤቱ ተዘጋ። ከሴቶቹ ጥቂቶቹ ዳኑ፤ ስለሌሎቹ ማውራት አልወድም። እናቴ በወደቀች ቁጥር እቴቴ ሱቋን ዘግታ ልትፈልጋት ትወጣለች፤ ካገኘቻት በር ላይ ትቆማለች፤ ብትሰድባትም አትሄድም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ እንዴት አይሰለችሽም ብዬ ጠየቅኋት።

«ጠርታኛለች እኮ» አለችኝ። «በአፏ አልቻለችም። ሱሪውን ላከችልኝ። እናትሽ ያን ድምፅ ሳትሰማ ትቀራለች? በፍጹም! ስፌት እንደምስብ ታውቃለች። ከሥር ባዶ ነኝ፣ ድረሽልኝ ማለቷ ነው። እህቴ እንዲህ ጠርታኝ እኔ እንዴት እሰለቻለሁ?»

ይህን ስሰማ ያን ሁሉ ዓመት የጠላኋት አክስቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እናቴም በዓይኔ ከፍ አለች። በዚያ ሁሉ መሀል ልጇን ለማዳን ዘዴ የፈጠረች እናት አለችኝ ማለት ነው። በዚህ ታሪክ ኖርኩ። ማሙሽ ዛሬ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ቀልደኛ ነው፤ እሱም በዚሁ ታሪክ ነው ያደገው።

እናቴ ከተነሳች ቆይታለች። እቴቴ ቤት ጥግ ላይ የራሷ መኪና አላት፤ ገበርና ጠርዝ ትሰፋለች። ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ስሄድ እቴቴ ወደ ደጅ ወጥታ ነበር። ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ሱሪ ስትልኪኝ ክሩ ማለቁን ታውቂ ነበር አይደል?»

እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሳች።

«አላውቅም ነበር» አለች።

«እቴቴ ግን . . .»

«እሷ የምትለውን አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ነግራኛለች።» መርፌው ላይ አቀረቀረች። «ያን ቀን ስሰፋ በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም ብዬ ነበር ልጄ። ላሳፍራት ነው የላክሁት። ማሙሽን አላሰብኩትም። ተኝቶ ዝም ስላለልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ተናደድኩባትም፣ አዘንኩላትም። እጄን ያዘችው።

«እንዳትነግሪያት። በዚያ ሁሉ ዓመት ደጄ ላይ የቆመችው ጠርታኛለች ብላ ነው። እንዳልጠራኋት ብታውቅ . . .»

ብታውቅም ትቆም ነበር ልላት ፈለግሁ። እንደዚያ አምናለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። «አልነግራትም» አልኳት።

እቴቴ ገባች። ሰላም ሳትለኝ የእጅጌዬን ስፌት ወጠር አድርጋ «የሱቅ ነው፤ ከንቱ» አለችና ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ ወደ ሥራዋ ተቀመጠች። እናቴ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ መርገጫውን ረገጠች። መኪናው ሄደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁ ሳሳ። እኔ እንኳ ሰማሁት። እናቴ ጨርቁን በጥንቃቄ እየገፋች መስፋቷን ቀጠለች፤ ያ ጆሮ ወደ እሷ አልተመለሰም።

«አንቺ፣ ከሥር ባዶ ነሽ!» አለች እቴቴ ከማዶ፣ ቀና ሳትል፣ በስፒሎቹ መሀል።

እናቴ ወዲያው አቆመች። «እሺ እቴቴ» አለች። ባዶውን ማጠንጠኛ አውጥታ ሰጠችኝና ክር ጠቀለልኩላት።